የአበበ ቢቂላ ተከታታይ የማራቶን ድሎች

የአበበ ቢቂላ ተከታታይ የማራቶን ድሎች የሚባሉት ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሻምበል አበበ ቢቂላ ከ1952 ክረምት እስከ ጥቅምት 1959 ዓ.ም. ድረስ ያገኛቸው አሥራ ሁለት የአንደኝነት ድሎች ናቸው። አበበ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ከጥቂት ወራት ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ ማራቶን ሮጦ አሥራ ሁለቱን አሸንፏል። ያመለጠው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አምስተኛ የወጣበት ውድድር ነው። ከድሎቹ ሁለቱ የሮምና የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲሆኑ ሁለቱም በዓለም ክብረ ወሰን ተጠናቀዋል። በዚህም አበበ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። የፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ. ተብሎ ተጽፏል።

አቆጣጠሩ

አበበ በሕይወቱ የሮጣቸው ማራቶኖች በጠቅላላ አሥራ ስድስት ናቸው። የመጀመሪያውን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ቀጥሎ ባሉት አሥራ ሦስት ውድድሮች አሥራ ሁለት ጊዜ አንደኛ፣ አንድ ጊዜ አምስተኛ ወጣ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግሞ በእግር ጉዳት ምክንያት አቋርጦ ወጣ። ድሎቹ በቦስተኑ ውድድር እኩል ለሁለት ይከፈላሉ፤ ስድስቱ ከቦስተን በፊት፣ ስድስቱ ከቦስተን በኋላ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን አጥብቆ ለሚቆጥር ሰው ያልተቋረጠው ጉዞ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በተለምዶ ግን እንደ አንድ ዘመን ይቆጠራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደ እርሱ ደጋግሞ ያሸነፈ ሌላ የማራቶን ሯጭ ስላልነበረ አቆጣጠሩ ያለ አግባብ አይደለም።

የድሎቹ ቁጥር ከሌሎች ስፖርቶች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሊመስል ይችላል። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዊልት ቻምበርሌን እ.ኤ.አ. በ1961–62 የውድድር ዘመን በተከታታይ 65 ጨዋታዎች 30 እና ከዚያ በላይ ነጥብ አስቆጥሯል። በዚያ የውድድር ዘመን አማካዩ በአንድ ጨዋታ 50.4 ነጥብ ሲሆን፣ በአንድ ምሽት ብቻ 100 ነጥብ ያስቆጠረውም ያኔ ነው። ነገር ግን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አንድ ምሽት ቢደክም ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ጨዋታ ይጠብቀዋል። የማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚወዳደረው። አንድ ጉንፋን፣ አንድ የማይመች ጫማ ወይም አንድ ነፋሻ ኮረብታ የወራት ዝግጅትን ገደል ሊከተው ይችላል። የአበበ አሥራ ሁለት ድሎች በርቀት ሲደመሩ ከ506 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ።

አስተዳደጉ

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ክፍለ ሀገር በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ዕለቱ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የተካሄደበት ቀን ነበር፤ አጋጣሚ ከመሆን ያለፈ ትርጉም ባይኖረውም የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ሳይጠቅሱት አያልፉም። አገሩ ከደብረ ብርሃን ብዙ የማይርቅ፣ ብርድ የጸናበት የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ቤተሰቡ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጎሮ ወደሚባል ራቅ ያለ ስፍራ ተሰደደ። በኋላ ወላጆቹ ተለያይተው እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ሌላ ባል ካገቡ በኋላ ወደ ጃቶ ተመልሷል፤ ከጃቶ ይልቅ የቅርብ ጎረቤቷን ጅሩን የሚጠቅሱም አሉ። የጅሩ ምድር ከመርሐቤቴና ከመንዝ ጋር የሚዋሰን ነው።

በልጅነቱ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጨዋታ ገና ነበር። ገና በቆልማማ ዱላ ሩሯን እየመቱ የሚጫወቱት የሩጫ ጨዋታ ሲሆን፣ ሜዳው እንደ እግር ኳስ የተከለለ አይደለም። ጎሎቹ አንዳንድ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ፤ ተጫዋቹም ሩሯን ተከትሎ ዳገቱንና ሜዳውን ሲያቋርጥ ይውላል። ለረጅም ርቀት ሯጭ ከዚህ የተሻለ የልጅነት ትምህርት ማግኘት ያዳግታል። በባሕር ወለል ላይ ያደገ ልጅ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሮጥ ያደገውን ለመወዳደር በሳንባም በደምም ገና ብዙ ይቀረዋል።

አበበ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በ1940ዎቹ አጋማሽ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። በዚያ ጊዜ ከሱሉልታ ተራሮች እስከ አዲስ አበባ ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ለሠራዊቱ የአካል ማጎልመሻ ሥልጠና ይሰጡ የነበሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያገኙት በዚህ ዘመን ነው። ኒስካነን የአገር ቤቱን የዳገት ሩጫ በሰዓት ከሚለካ የሜዳ ልምምድ ጋር አቀናጅተው አሠለጠኑት። በጊዜው በጦር ሠራዊት ውድድሮች ስሙ የገነነው አበበ ሳይሆን ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበም በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ከዋሚ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድሎች

ስለ አበበ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ ወደ ሮም የሄደው በመጨረሻው ሰዓት፣ የተጎዳ ጓዱን ተክቶ ነው ይላል። ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ከውድድር መዝገቡ ጋር አይስማማም። በ1952 ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገ ማራቶን አንደኛ ወጣ፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ በዚያው ከተማ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። የሁለተኛው ሰዓቱ 2:21:23 ነበር። የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በዚያ ጊዜ 2:23:03.2 ነበር። ማለትም አበበ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ፣ አየሩ በሳሳበት፣ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አሻሽሎ ሮጧል። ይህን ሰዓት የያዘ ሯጭ የማንም ምትክ ሊባል አይችልም። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቲም ጁዳም የአበበ ጉዞ አስቀድሞ የታቀደ ነበር የሚለውን ይደግፋል።

ችግሩ እነዚህን ሰዓቶች ከኢትዮጵያ ውጭ ያየ ሰው አለመኖሩ ነው። ያየም ቢኖር አላመነም።

ሮም

የሮም ማራቶን የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ውድድሩ የሙቀቱን ሰዓት ለመሸሽ ከቀትር በኋላ ዘግይቶ ተጀምሮ ከጨለመ በኋላ አለቀ። መነሻውም መድረሻውም ከስታዲየም ውጭ የሆነ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን ነው፤ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ግርጌ ተነሥቶ ከኮሎሴየም አጠገብ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ይጠናቀቃል።

አበበ በባዶ እግሩ መሮጡ ብዙ ጊዜ ከድህነት ጋር ይያያዛል። እውነቱ ሌላ ነው። ሮም ከገባ በኋላ አዲስ የመሮጫ ጫማ ገዝቶ ነበር፤ ጫማው አልመቸው ብሎ እግሩን አቆሰለው። አገሩ ሳለ በጫማም ያለ ጫማም ሲለማመድ ስለኖረ ባዶ እግሩን ለመሮጥ ወሰነ። በማያውቁት ጫማ 42 ኪሎ ሜትር ከመጓዝ የሚያውቁትን እግር ማመን የተሻለ ነው። ውሳኔው የአዋቂ ሯጭ ስሌት እንጂ ለዓይን የተደረገ ነገር አልነበረም።

ከውድድሩ በፊት ኒስካነን እንዲጠነቀቀው የነገሩት ሰው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። ቁጥሩም 26 እንደሚሆን ነግረውታል። ራዲ ግን የለበሰው ቁጥር 185 ነበር። አበበ ከጎኑ ያለው ሰው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን በዓይኑ ሲፈልግ እንደነበር ይነገራል። የአበበ የራሱ ቁጥር 11 ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች አበበ ከመሪዎቹ ቡድን ኋላ ቀረት ብሎ ይሮጥ ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ ቤልጂየማዊው ኦሬል ቫንደንድሪሼ ይገኝበት ነበር፤ ይህ ስም ከሦስት ዓመት በኋላ በቦስተን ይመለሳል። 25ኛው ኪሎ ሜትር ሲቃረብ አበበና ራዲ ሁለቱ ብቻ ተነጥለው ወጡ። ከኋላቸው ኒውዚላንዳዊው ባሪ ማጊና የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ከሁለት ደቂቃ በላይ ርቀው ቀሩ። በጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ የጣሊያን ወታደሮች ግራና ቀኝ ቆመው ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር።

ሁለቱ እስከ መጨረሻው 500 ሜትር ድረስ አልተለያዩም። አበበ የመጨረሻውን ፍጥነት የጨመረው የአክሱም ሐውልት ወደቆመበት አደባባይ ሲቃረብ ነው። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. በሙሶሊኒ መንግሥት ከአክሱም ተዘርፎ ሮም የተተከለ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ወረራ ከቀዬው የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ወታደር፣ ከተዘረፈው ሐውልት አጠገብ ተስፈንጥሮ ወጣ። በስፍራው የነበሩ ጋዜጠኞች ይህን ለማስተዋል ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም።

ሰዓቱ 2:15:16.2 ሆነ። ፖፖቭ በስቶክሆልም ያስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን 2:15:17.0 ስለነበር የተሻሻለው በ0.8 ሴኮንድ ብቻ ነው። ራዲ በ25 ሴኮንድ ተቀድሞ ሁለተኛ፣ ማጊ ሦስተኛ ወጡ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ በ2:21:09.4 ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ይህ ውጤት በሌላ ዓመት ቢሆን ኖሮ ብዙ ይወራለት ነበር። አበበ መስመሩን ካለፈ በኋላ አልተቀመጠም፤ ወገቡን እያጎነበሰ የእግሩን ጣቶች ነካ፣ ባለበት ቆሞም እግሩን አፍታታ። ሌላ አሥር ወይም አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር መሮጥ ይችል እንደነበርም ተናግሯል። ድሉ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው።

ታኅሣሥ 1953

አዲስ አበባ ሲመለስ በአደባባይ አቀባበል ተደረገለት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሸለሙት፤ ማዕረጉም አሥር አለቃ ሆነ። ከክቡር ዘበኛ ንብረት የሆነ ቤትና ቮልስዋገን መኪና እንዲጠቀምበት ተሰጠው።

ሦስት ወር ሳይቆይ የአበበ የሩጫ ዘመን እዚያው ሊያበቃ ይችል የነበረበት ነገር መጣ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። በከተማዋ መካከል ውጊያ ተካሄደ፤ ሙከራውም ከሸፈ። የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ከፊሉ ሞቱ፣ ከፊሉ ታሰሩ፣ ከፊሉ ሸሹ፤ ጄኔራል መንግሥቱም በስቅላት ተቀጡ። አበበ በሙከራው በቀጥታ አልተሳተፈም፤ ሆኖም የዚያው ክፍል ወታደር በመሆኑ ለአጭር ጊዜ ተይዞ ተመርምሯል። በነጻ ተለቀቀ። ስለ ድሎቹ በሚጻፉ አጫጭር ጽሑፎች ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ይሁንና ያን ሳምንት ሳያነሡ ከሮም በኋላ የመጡትን ውድድሮች በትክክል መመዘን አይቻልም።

አቴንስ፣ ኦሳካ፣ ኮሺትሰ

በቀጣዩ ዓመት አበበ በሦስት አገሮች ሮጦ ሦስቱንም አሸነፈ። ሚያዝያ 29 ቀን 1953 ዓ.ም. በአቴንስ 2:23:44.6፣ ሰኔ 18 ቀን በጃፓን ኦሳካ 2:29:27፣ በ1954 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያ ኮሺትሰ 2:20:12 ገባ።

የኦሳካው ሰዓት ከታወቁት የድል ሰዓቶቹ ሁሉ ዘገምተኛው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው አገር ከሮጠው ጋር ሲነጻጸር ከ17 ደቂቃ በላይ ልዩነት አለው። በማራቶን ሰዓቱ እንደ አየሩና እንደ መንገዱ ስለሚለዋወጥ ከሰዓቱ ይልቅ ማን ቀድሞ ገባ የሚለው ይበልጣል፤ አበበም ቀዳሚ ነበር። ኦሳካ የምትታወሰው በሌላ ነገርም ነው። የጫማ ፋብሪካ ባለቤቱ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ አበበን አግኝቶ ጫማ እንዲያደርግ ያግባባው በዚህ ጉዞ ነው፤ አበበም በኦኒትሱካ ጫማ ሮጦ አሸነፈ። ስለዚህ ባዶ እግሩን ያሸነፈ ሯጭ ተብሎ ቢታወቅም ከአሥራ ሁለቱ ድሎች ውስጥ ባዶ እግሩን መሮጡ ስሙን ያስጠራለት የሮሙ ነው።

ቦስተን

ከኮሺትሰ በኋላ አበበ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በዓለም አቀፍ ማራቶን አልታየም። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋር ወደ ቦስተን ሲሄድ ብዙዎች ውጤቱን አስቀድመው ያወቁ መስሏቸው ነበር። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ለ29 ኪሎ ሜትር ያህል የቦታውን ክብረ ወሰን በሚያሻሽል ፍጥነት መሩ። ከዚያ የኒውተን ዳገቶች መጡ፤ ብርዳማ ነፋስም ተነሣ፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ቀሩ። ያሸነፈው በሮም ከመሪዎቹ ቡድን ውስጥ የነበረው ኦሬል ቫንደንድሪሼ ሲሆን፣ ሰዓቱም 2:18:58 የቦስተን ክብረ ወሰን ሆነ። አበበ በ2:24:43 አምስተኛ ወጣ።

በደጋ ተወልዶ ያደገ ሯጭ በዳገትና በብርድ መሸነፉ እንቆቅልሽ ይመስላል። የቦስተን ዳገቶች ግን ከፍታቸው አይደለም የሚጎዳው። የሚመጡት ረጅም ቁልቁለት ጭኑን ካደከመ በኋላ፣ ጉልበት ማለቅ በሚጀምርበት ርቀት ላይ ነው። ሩጫውን በፍጥነት የጀመረ ሰው ሒሳቡን እዚያ ይከፍላል። አበበ በሮምና በኋላም በቶኪዮ ለዘብ ብሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲጨምር፣ በቦስተን ግን ከመጀመሪያው መምራቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ይህ በዓለም አቀፍ ውድድር ጨርሶ አንደኛ ያልወጣበት ብቸኛው ማራቶን ነው። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ እስከ ግንቦት 1956 ዓ.ም. ድረስ ሌላ ማራቶን አልሮጠም።

ቶኪዮ

ግንቦት 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ2:23:14.8 አሸነፈ። ሐምሌ 27 ቀን እዚያው እንደገና ሮጦ 2:16:18.8 ገባ። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ሰዓት ከሮሙ ክብረ ወሰን ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁሉ ነገር የተስተካከለ ሲመስል፣ ውድድሩ 35 ቀን ሲቀረው፣ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. በደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ሕመም ጀመረው። ሆስፒታል ተወስዶ ሲመረመር ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ፤ ወዲያውም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በጥቂት ቀናት ውስጥ መራመድ ጀመረ፣ በሳምንት ከሆስፒታል ወጣ። በዚያ ዘመን የሆድ ቀዶ ሕክምና እንደ ዛሬው በጠባብ ቀዳዳ የሚሠራ አልነበረም፤ የተሰፋ ሆድ ይዞ በአምስተኛው ሳምንት ማራቶን መሮጥ ለሐኪምም ለአሠልጣኝም የሚያሳስብ ነበር።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964) አበበ በቶኪዮ መነሻ መስመር ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ ነጭ ጫማ አድርጎ ነበር። ቀስ ብሎ ጀመረ፤ በ10ኛው ኪሎ ሜትር አጠገቡ የነበሩት አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክና የአየርላንዱ ጂም ሆጋን ብቻ ነበሩ። 20ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆጋን ብቻ ቀረ። 30ኛው ላይ አበበ ሆጋንን በ40 ሴኮንድ፣ ሦስተኛ የነበረውን ጃፓናዊ ኮኪቺ ቱቡራያን ደግሞ በሁለት ደቂቃ ቀድሞ ነበር። ሆጋን 35ኛው አካባቢ አቋርጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ውድድሩ በአበበና በሰዓቱ መካከል ሆነ።

75,000 ሕዝብ ወደሞላው ስታዲየም ብቻውን ገባ። ሰዓቱ 2:12:11.2 ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ በዚያው ዓመት ካስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን ከአንድ ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ በላይ ፈጠነ። አንድ ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ መሆኑ ነው፤ በሮም 3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነበር። ሂትሊ ራሱ በ4 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ይህ ልዩነት በርቀት ሲተመን ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቱቡራያ ስታዲየሙ ውስጥ የገባው ሁለተኛ ሆኖ ነበር፤ በአገሩ ሰው ፊት በመጨረሻው ዙር በሂትሊ ተቀድሞ ነሐስ አገኘ። የኢትዮጵያው ደምሴ ወልዴ አሥረኛ ሆነ። አበበ ሌሎቹ እስኪገቡ ድረስ ሣሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ማመን አቃተው።

ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ የመቶ አለቃነት ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ ቤትና መኪና ሰጡት። የሮሙ ቤትና መኪና የክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ የአሁኑ የራሱ ሆነ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት

ሚያዝያ 13 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበና ማሞ በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት መክፈቻ ላይ ከማንሃታን እስከ ትርኢቱ ስፍራ የግማሽ ማራቶን ያህል ርቀት ለክብረ በዓሉ ሮጡ፤ ይህ ውድድር ስላልነበረ በድሎቹ ውስጥ አይቆጠርም። ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ግንቦት 1 ቀን አበበ በጃፓን ኦትሱ በ2:22:55.8 አሸነፈ። በ1958 ዓ.ም. በስፔን ዛራውስ 2:20:28.8 ሮጦ አንደኛ ሆነ።

አሥራ ሁለተኛውና የመጨረሻው ድል ጥቅምት 20 ቀን 1959 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ከኢንቾን እስከ ሴኡል በተደረገው ማራቶን የተገኘ ሲሆን ሰዓቱ 2:17:04 ነው። በ1940ዎቹ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ስለነበር የኢትዮጵያ ወታደር ለሴኡል ሰዎች እንግዳ አልነበረም።

ማብቂያው

በ1959 ክረምት አበበ በእግሩ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ የሮጠውንም ማራቶን አልጨረሰም። ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በ1960 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ጀርመን ሄደ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ኦሊምፒክ 1 ቁጥር ለብሶ ለሦስተኛ ወርቅ ተሰለፈ። የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ 2,240 ሜትር በመሆኑ ለደጋ ሰው የተመቸች ነበረች፤ እግሩ ደህና ቢሆን ኖሮ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚነሣው ለዚህ ነው። ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አቋርጦ ወጣ። ውድድሩን ያሸነፈው በቦስተን አብሮት የተሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው፤ ሰዓቱም 2:20:26.4 ነበር። ወርቁ ለሦስተኛ ተከታታይ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀረ፤ አበበም ከዚያ ሲመለስ ሻምበል ሆነ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ የሚነዳው ቮልስዋገን ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ ተይዞ አደረ። ከአዲስ አበባ ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ታከመ፤ እጆቹ ተመለሱለት፣ ከወገቡ በታች ግን ዳግም አልተንቀሳቀሰም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ በውሻ የሚጎተት ተንሸራታች ውድድር 25 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አንደኛ ወጥቷል። ይህ ድል ከአሥራ ሁለቱ ጋር አይደመርም፤ ሳይጠቀስ ማለፉ ግን ተገቢ አይሆንም።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ ከአደጋው ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ ምክንያት አረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቷል።

ከዚያ በኋላ

ከአበበ ወዲህ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፉት የምሥራቅ ጀርመኑ ቫልደማር ሲርፒንስኪ (እ.ኤ.አ. 1976 እና 1980) እና የኬንያው ኤልዩድ ኪፕቾጌ (እ.ኤ.አ. 2016 እና 2020) ብቻ ናቸው። ሁለቱን ወርቆች በሁለት የዓለም ክብረ ወሰን ያጠበ ግን ከአበበ ሌላ የለም። ከኢትዮጵያ ወንዶች ከማሞ ቀጥሎ ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ (እ.ኤ.አ. 2000) እና ታምራት ቶላ በፓሪስ (እ.ኤ.አ. 2024) ወርቁን መልሰዋል። አበበ ከተወለደበት ከሰሜን ሸዋ የወጣው ፀጋዬ ከበደ በቤጂንግ (እ.ኤ.አ. 2008) የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል።

በአዲስ አበባ አንድ ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል። የሮሙ ድል ሃምሳኛ ዓመት በተከበረበት በመጋቢት 2002 ዓ.ም. በተደረገው የሮም ማራቶን ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና ብቻውን እየመራ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ጫማውን አወለቀ፤ የቀሩትን 300 ሜትር ያህል በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ገባ።